ያልመጣው ሰው መሬት

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ብርድ ልብስና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ። ሰዓቱ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ቆመ፤ ብርድ ልብሱን ግን ይኸው ለብሼው እጽፋለሁ። ብዕር ያስነሳኝ ስጦታው አይደለም። በዚያ የሽኝት ቀን አንድ ካድሬ ተነሥቶ ስለ እኔ ያደረገው ንግግር ነው። «ጓድ ዘለቀ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ ኖረዋል። ዛሬ በደቡብ ኦሞ እያንዳንዱ ማሳ አንድና አንድ ባለይዞታ ብቻ አለው» አለ። ሰው አጨበጨበ፤ የእኔ ደም ፈላ።

መልስ እንድሰጥ ተጋበዝኩ። «ስለ ብርድ ልብሱ አመሰግናለሁ፤ የተናገሩት ግን ውሸት ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። አለቃዬ ፈጠን ብሎ ለስላሳው ይከፈት አለ፣ ሰውም ወደ ጠርሙሱ ዞረ። ያን ቀን አፌ ውስጥ የቀረውን ንግግር ነው አሁን የምጨርሰው። ከዚያ ወዲህ መንግሥቱም ተለውጧል፣ ካድሬውም የት እንደገባ አይታወቅም። ንዴቴ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

አንድ ማሳ አንድ ባለቤት ብቻ ኖሮት አያውቅም። ቢያንስ ሁለት ሰው አለው፤ ዛሬ የሚያርሰውና ነገ የሚገባበት። ሁለተኛው ሰው አይታይም። ሜዳው ላይ የለም፣ በሬ አይነዳም፣ ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም። ምናልባት ሕፃን ነው፣ ምናልባት ሩቅ አገር ነው፣ ምናልባትም ገና አልተወለደም። መብት ግን አለው። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ በላይነህ ናቸው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሳቸው ልጀምር።

እኔ የአሪ ልጅ ነኝ፤ ገዘር አጠገብ ተወለድኩ። አባቴ ጭሰኛ ነበር። ባለመሬቱ ጂንካ ተቀምጦ ሲዘራ አይመጣም፤ ሲወቃ ግን ከአውድማው ጠፍቶ አያውቅም። እኔ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ማንበብና መደመር ተምሬ ለመሬት ቀያሹ የመለኪያ ሰንሰለት ጎታች ሆኜ ተቀጠርኩ። ቀያሹ ጋሽ በላይነህ ነበሩ። አባታቸው ጠመንጃ ይዘው ከሰሜን ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ናቸው፤ እሳቸው ግን ጂንካ ተወልደው አሪኛን እንደ እኛው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ቁጡ ነበሩ፤ ቁጣ ከሳቸው የወረስኩት ነው። ስለ ደሞዙ አላወራም፣ ለጫማም አይበቃም ነበር።

ጋሽ በላይነህ ማሳ ሲደርሱ ሰንሰለቱን አያስፈቱም። መጀመሪያ ድንበሩ ላይ፣ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከኮታቸው ኪስ ቆሎ አውጥተው ለከሳሽም ለተከሳሽም ያካፍላሉ። ከዚያ ይጠይቃሉ፤ «አሁን ማን ያርሳል? ከሱ በኋላ ማን ይገባል? የሚጠብቀው ሰው የት ነው?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ካልተመለሰች ዝናብም ቢመጣ አይነሡም። እኔ እየበሰበስኩ ሰንሰለቱን ታቅፌ እቆማለሁ፣ እሳቸው ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ድንበር ክርክር ሲሆን ደግሞ አንዱን ባለጉዳይ ያስቀምጡና ሌላውን ብቻውን ድንበሩን እንዲዞር ያደርጉታል። ከዚያ እሱን አስቀምጠው ያኛውን ይሰዳሉ። «አፍ ይዋሻል፤ እግር ግን የለመደውን ነው የሚሄድ» ይሉ ነበር። እውነትም ብዙ ጊዜ ሁለቱም ሳያውቁት በአንድ መስመር ሄደው ይመለሱና ክርክሩ እዚያው ያልቃል። የድንበር ድንጋይ ስንተክል ከሥሩ ከሰል ያስቀብሩናል። ድንጋይ ሰው ያንቀሳቅሰዋል፤ ከሰሉን ግን ማንም አያስታውሰውም፣ አይበሰብስም። የባለጉዳይ ቤት እህል ቀምሰው አያውቁም። ስንት ዶሮ ታርዶልን ሳንቀምሰው በባዶ ሆድ ጂንካ ተመልሰናል።

ሕጉም ቢሆን የሚጠብቀውን ሰው ያውቀው ነበር። ባል ሲሞት ሚስት በሕይወት እስካለች መሬቱን ይዛ ፍሬውን ትብላ ከተባለ፣ እንዲህ ያለውን መብት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አላባ ይለዋል። መሬቱ የልጁ ነው። እሷ አትሸጠውም፣ እሱም አያስወጣትም። እሷ ስትሞት ልጁ «ስጡኝ» ብሎ ማንንም አይለምንም፤ ድሮም የሱ ነበር፣ ተራውን ሲጠብቅ ነው የቆየው። ጋሽ በላይነህ ይህን ሲያስረዱኝ ሁለት የቆሎ ፍሬ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡና አንዷን እየበሉ «ይቺ እናት ናት» ይሉኛል። ሁለተኛዋን በጣታቸው እየጠበቁ «ይቺን እንዳትነካ» ይላሉ።

በእኛ ሰፈር ለዚህ ነገር ሕግ ማንበብ አያስፈልገንም ነበር። ልጅ ሲወለድ አባቱ ከማሳው ጥግ አንድ የኮርች ዘንግ ይተክላል። ኮርች ቆርጠው ቢሰኩት ሥር የሚሰድ ዛፍ ነው። ያ ኮርች እስከ ቆመ ድረስ አባት ቢሞት፣ ማሳው ዳዋ ቢለብስ፣ ማንም «ጠፍ ነው» አይልም። የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

የመሬት አዋጁ ሲወጣ አልዋሽም፣ ጨፍሬያለሁ። «መሬት ለአራሹ» ሲባል አራሹ አባቴ ነበር። የመጀመሪያውን ምርት ሲሰበስብ ለባለመሬቱ ይሰጥ የነበረውን ድርሻ ለይቶ ለብቻው ከመረው። «አባዬ፣ ይሄ እኮ አሁን ያንተ ነው» አልኩት። «ከመጣስ?» አለኝ። ባለመሬቱ አልመጣም፤ አባቴም ሳይነካው ነቀዝ በላው። ያን ነቀዝ የበላው ክምር ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ፣ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ጋሽ በላይነህ በዚያው አዋጅ ከአባታቸው የወረሱትን መሬት አጡ። ያዝናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «አባቴ ሲመጣ እዚያ መሬት ላይ የሚጠብቅ ሰው ነበር» አሉኝ። «አባቴ አልጠየቀም። እኔ ለሰው ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ የራሴን መሬት መጠየቅ ፈራሁ። አሁን ተጠየቀልኝ።» ይህን ብለው ኮታቸውን ለብሰው ወደ ሥራ ሄዱ። የሚያስቆጣቸው አዋጁ ሳይሆን አዋጁን ይዘው የሚሮጡት ሰዎች ነበሩ።

ከሚሮጡት አንዱ የያኔው አለቃችን ነበር። በኦሞ ዳር ያለው መሬት ቶሎ ተለክቶ ይመዝገብ ብሎ በጭነት መኪና በዲመካ በኩል ወደ ካሮዎች መንደር ወደ ዱስ ወሰደን። ጊዜውን የመረጠው መንገዱ ደረቅ ነው ብሎ ነው። እውነትም ደረቅ ነበር፤ በዚያ ቆላ ዝናብ አልጣለም። ኦሞ ግን ዝናቡን የሚያገኘው ከሩቅ ደጋ ነው። ዱስ ስንደርስ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ሁሉ ውጦታል። አለቃችን ይህን አይቶ ደስ አለው። «ሥራው ቀለለ። ከውኃው በላይ ያለውን ለኩ፣ ከውኃው በታች ያለውን ወንዝ ብላችሁ ጻፉ» አለ።

ጋሽ በላይነህ እንደ ልማዳቸው መሬት ተቀመጡ፤ ቆሎአቸውንም አወጡ። ከካሮ ሽማግሌዎች አንዱ በርኩማውን፣ በእጅ የምትያዘውን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ይዞ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ሰውየው አማርኛ አይችልም፤ ዲመካ የነገደ አንድ ጎልማሳ ያስተረጉማል። ጋሽ በላይነህ «የእርስዎ ማሳ የትኛው ነው?» አሉ። ሽማግሌው በበትሩ ወደ ወንዙ መሐል አመለከተ።

አለቃችን ሳቀ። «ውኃ እኮ ነው!»

«አሁን ውኃ ነው» አለ አስተርጓሚው። «ከዚያ ሾላ እስከዚህ ግራር ድረስ እሱ ነው የሚያርስ። ከግራሩ ወዲያ ወንድሙ ነው። ውኃ ሲሄድ ማሽላ ይዘራሉ።»

«ካልሄደስ?»

አስተርጓሚው ጥያቄውን ለሽማግሌው አቀረበ። «ውኃ ሁልጊዜ ይሄዳል፣ ይላል። ሰው ነው የማይታገሥ፣ ይላል።»

ጋሽ በላይነህ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቁ። ከሾላው ወዲያ ያለችውስ ቁራሽ የማን ናት? የልጁ ልጅ ናት ተባለ። የት አለ? ገና አልተወለደም። አለቃችን ትዕግሥቱ አለቀና «ላልተወለደ ሰው፣ ላልታየ መሬት መስመር አልሰምርም» አለ። ጋሽ በላይነህ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ። «እኔ እሰምራለሁ» አሉ።

ሾላውንና ግራሩን ምልክት አድርገን በእይታ መስመር እያነጣጠርን የእያንዳንዱን ማሳ ድንበር ውኃው ውስጥ ሰድደን አሰመርነው። ለአንድ ቀያሽ ይህ እብደት ነው፤ ሰንሰለት በውኃ ላይ አይዘረጋም። ዛፉን ከዛፉ እያየን፣ ሽማግሌው በአስተርጓሚው «ግራ፣ ቀኝ» እያስባለ ሠራነው። አለቃችን ፊቱን ትንኝ በልቶት ስለነበር ወደ መኪናው ቶሎ ለመግባት ሲል ፈረመ። በኋላ ውኃው ሲሸሽ ሌላ አካል መጥቶ «አዲስ የወጣ፣ ባለቤት የሌለው መሬት አገኘን» ብሎ ሊያከፋፍል ሲነሣ ያ መስመር አስቆመው። ሰዎቹ ማሽላቸውን በየማሳቸው ዘሩ። በሥራ ዘመኔ በንጹሕ ያሸነፍኩት ጉዳይ ያ ነው፤ እሱም የጋሽ በላይነህ እንጂ የእኔ አይደለም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ወባ ጣላቸው። ስጠይቃቸው አልጋ ላይ ሆነው «ዘለቀ፣ ጥያቄዋን አትርሳ» አሉኝ። እኔም በሳቸው ቦታ ቀያሽ ሆንኩ። ቆሎም በኪሴ መያዝ ጀመርኩ።

አሁን ወደ ታደሰ እመጣለሁ። 

እማማ ማርታ ገዘር ከአባቴ ቤት ማዶ የሚኖሩ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር የማይጠፉ፣ መዝሙር ሲጀመር ከሁሉ ቀድመው የሚጮኹ። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ታደሰ። ማሳው ላይ የታደሰ ኮርች ከልጁ ጋር አብሮ አድጎ ትልቅ ዛፍ ሆኗል። አንድ የገበያ ቀን ታደሰ ገዘር ቦዬ፣ ያን የእኛን አገር ሥራ ሥር፣ ሊሸጥ ወጥቶ ሳለ ገበያው ተከበበ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው ተብሎ ጎረምሳውን ሁሉ እንደ ከብት በመኪና ጭነው ወሰዱት። ቦዬው እዚያው ጆንያ ውስጥ ቀረ። ገዘር ላይ ያን ቀን ያላለቀሰ ቤት ጥቂት ነው። ታደሰ ሰሜን ጦር ግንባር ነው ከሚል ወሬ በቀር ሌላ አልተሰማም።

እማማ ማርታ አሳውን አንሥተው ራሳቸው ይቆፍሩ ጀመር። አንድ ቀን አስጠሩኝና መሬቱን በሕይወት ሳለሁ ለካልኝ አሉኝ። ድንበሩን ከፊቴ እየሄዱ አሳዩኝ፤ ኮርቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በአሪኛ ነው የምንነጋገረው።

«እኔ ብሞት ልጄ እስኪመጣ መሬቱ ፊት ቁምልኝ።»

«እቆማለሁ፣ እማማ።»

«ረጅም ጊዜ ሊሆን ይችላል። እግርህ ደህና ነው?» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቃሌን እንደ ሰጠሁ ግን አውቄው ነበር።

ሞቱ። ራሳቸው እንደ ተናዘዙት ከኮርቹ ሥር ቀበርናቸው። ለቅሶው ሳይነሣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠራ። የእማማ ማርታ መሬት አራሽ ስለሌለው ጠፍ ሆኗልና ለደምሴ ይሰጥ የሚል ነው አጀንዳው። ደምሴ የሊቀ መንበሩ ሚስት ወንድም ነው። እኔን ደግሞ መሥሪያ ቤቴ መሬቱን ለክተህ አስረክብ ብሎ ላከኝ። ቃል የሰጠሁትን ሰው መሬት በገዛ ሰንሰለቴ።

ሰንሰለቱን ሳልፈታው ተነሥቼ ተናገርኩ። አዋጁ ራሱ፣ ያ ሁሉ ሰው የጨፈረለት አዋጅ፣ ባለይዞታው ሲሞት የትዳር ጓደኛና ትናንሽ ልጆች ከሌሉ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ይጠቀምበታል ይላል። ታደሰ ልጅ ነው። ለአካለ መጠን ባይደርስማ ኖሮ አትወስዱትም ነበር አልኩ።

«ልጁ የት አለ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«እናንተ ንገሩኝ። የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኛ ለእናት አገር ነው የሰጠነው። የት እንዳለ አናውቅም። ምናልባት ሞቷል።»

«ምናልባት በሕይወት አለ።»

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አለ፤ ሰውም ሳቀ።

ያኔ የዱስን ነገር አነሣሁ። ውኃ ሥር ያለ መሬት ባለቤት እንዳለው፣ የሽማግሌውን በትር፣ ውኃው ሲሸሽ የሆነውን ሁሉ አወራሁ። እኔ ልቤ ሞልቶ ነው የማወራው። ጋሽ በላይነህ ቢሆኑ መጀመሪያ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር፤ እኔ ቆሜ እየጮኽኩ ነው። ከኋላ አንዱ «ገዘር ጎርፍ የለም» አለ። ደምሴም ራሱ ፈገግ ብሎ «ውኃው ሲሸሽ ጥሩን እንጂ ጋሼ» አለ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ታደሰን ከሚያውቁት ውስጥ ለሱ እጁን ያወጣ አልነበረም፤ ልጆቻቸው አብረውት የተጫኑ አባቶች እንኳ መሬት መሬቱን ያያሉ። በነሱ አልፈርድም፣ ነገ የነሱም ማሳ ሊጠየቅ ይችላል።

ጂንካ ተመልሼ ለአለቃዬ አመለከትኩ። ይኸኛው ሌላ አለቃ ነው፤ ለሰላምታ ጥሩ ሰው ነበር። «በአንቀጹ ልክ ነህ። ልጁ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ አምጣ» አለኝ። ከየት? ከጦሩ። ጦሩ መልስ አይሰጥም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚሉት ይህንን ነው። እስቲ አስቡት። መንግሥት ልጁን ከገበያ አንሥቶ ይወስዳል። ከዚያ ያው መንግሥት ወደ ማሳው ዞር ብሎ «ሰው የለም» ይላል። የሌለው ለምንድን ነው ሲባል «እኛ ጋ ነው» አይልም። ሌባ እንኳ የወሰደውን በሬ ገበሬው ፊት ቆሞ «በሬህ የት ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን ለአለቃዬ ነገርኩት። ድምፅህን ዝቅ አድርግ አለኝ።

አልለካም ስላልኩ ሌላ ቀያሽ ተላከ፤ አንድ ማለዳ ሠርቶ ጨረሰ። ደምሴ ወሰኑን ሲያጥር ኮርቹን ቆረጠው። እኔ ዲመካ ተዛወርኩ። ለሹመት ሳይሆን ለቅጣት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለእማማ ማርታ የገባሁት ቃል እዚያ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ገዘር በሚኒባስ ባልፍ እንኳ በዚያ በኩል በመስኮት አላይም ነበር።

ዲመካ ሳለሁም ያው በሽታ ገጠመኝ። ሐመሮች አንዱን የግጦሽ መሬት ትተው ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ሣሩ እስኪያገግም። መሥሪያ ቤቱ ያንን «ጠፍ» ብላችሁ ጻፉ ይላል። እኔ «ያረፈ» ብዬ እጽፍ ነበር። ማስጠንቀቂያ ይጻፍልኛል፣ ደግሜ «ያረፈ» እላለሁ። የዲመካ ገበያ ላይ ፍየል የሚሸጥ አንድ ሐመር ወዳጄ ይህን ስነግረው «የተኛ ሰው ቤት ሌባ ብቻ ነው ባዶ የሚለው» አለኝ። አማርኛው የተሰባበረ ነበር፤ እኔ ነኝ ያቃናሁት። ንዴቴን በዚህ እያስታመምኩ ጡረታዬ ደረሰ፤ ብርድ ልብሱም ሰዓቱም መጡ።

ከዚያ መንግሥቱ ወደቀ። የሰሜኑ ጦር ተበትኖ ወታደር በየመንገዱ እየለመነ በእግሩ አገሩን ይፈልግ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አጠገብ ካለው ቤቴ በር ላይ አንድ ሰው ቆመ። ጎፈሬው አድጓል፣ ልብሱ ካኪ ነበረ ማለት ይቻላል። ድምፁን ስሰማ ነው ያወቅሁት። ገዘር ሳይደርስ መንገድ ላይ እናቱ እንደሞቱ ነግረውታል፤ ለቀረው «ጋሽ ዘለቀን ጠይቅ» ብለው ነው የላኩት።

ሚስቴ ምግብ አቀረበችለት። ሳይነካው ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ ምን አለች?»

«እስክትመጣ መሬቱ ፊት ቁምልኝ አሉኝ።»

«ቆሙላት?»

«ቆምኩ። ገፍተው ጣሉኝ።»

ጎንበስ ብሎ በላ። ያን ሲበላ ሳየው የማልሰድበው ባለሥልጣን አልነበረም፤ በሆዴ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ሰደብኳቸው።

በማግሥቱ ገዘር ሄድን። ሊቀ መንበሩ አካባቢውን ለቅቆ ጠፍቷል። ለሱ ለዓመታት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፤ የሚቀበለኝ አጣሁ። ማሳው ላይ ደምሴ በሬዎቹን ጠምዷል። እኛን ሲያይ እርፉን ለቅቆ መጣና ታደሰን ትኩር ብሎ አየው።

«ውኃው ሸሸ ማለት ነው» አለኝ። ሲሳለቅ አልነበረም። ያን ስብሰባ እሱም አልረሳውም ነበር።

«ሸሸ» አልኩ። «ባለቤቱ መጥቷል።»

«ጋሼ፣ እኔ አልሰረቅሁም። መሬቱ የመንግሥት ነው ብለው ሰጡኝ። የሰጠኝ መንግሥት ሄዷል። አሁን የማን ነው?»

«የሱ ነው።»

«እሺ። እነዚህንስ የት ልውሰዳቸው?» አለና ወደ ቤቱ ዞረ። በሩ ላይ ልጆች ቆመው ያዩናል፤ እዚያ የተወለዱ ናቸው። ንዴቴ ትክክል ነው፣ የመጣበት ቤት ግን ልክ አልነበረም። የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ።

ታደሰ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «የእናቴ መቃብር ጋ ልግባ?» በገዛ አባቱ መሬት ላይ ፈቃድ ጠየቀ። ደምሴ ሄዶ ራሱ አጥሩን ከፈተለት። መቃብሩ አልታረሰም፤ ደምሴ እየዞረው ነበር የሚያርሰው። ታደሰ እዚያ ብዙ ቆየ። ደምሴና እኔ ጠበቅነው። ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ።

ለአዲሶቹ ባለሥልጣናት አመለከትኩ። መሬት የመንግሥት ነው፣ እስኪወሰን ጠብቁ አሉኝ። የሚጠብቅ ሰው መብት የለውም ሲሉኝ ኖረው አሁን ደግሞ ጠብቅ ይሉኛል። ሽማግሌዎች ገብተው አስማሙን። ታደሰ ከመቃብሩ አጠገብ ጎጆ ይቀልሳል፣ ከደምሴ ጋር ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ሁሉም «ጥሩ ፍርድ ነው» አለ። ደምሴም ታደሰም ተሳሳሙ። እኔ ብቻ ነኝ ያልተስማማሁት። ምርት ለባለመሬት የሚያካፍለው አባቴ ነበር፤ አዋጁ የወጣው እንዲህ ያለ ሰው እንዳይኖር ነው። አሁን የአንድ ባለይዞታ ልጅ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ፤ እኔም ምስክር ሆኜ ጣቴን አነሣሁ። «አንድ ማሳ፣ አንድ ባለይዞታ» ያለው ካድሬ ይህን ይቁጠርልኝ።

ጎጆው ሲያልቅ ሄጄ ጎበኘሁት። ታደሰ ከደምሴ አጥር ላይ አንድ የኮርች ቅርንጫፍ ቆርጦ ሲስል አገኘሁት። ያ አጥር የተሠራው ያኔ ከተቆረጠው ከሱ ኮርች ነው፤ እርጥቡን ስለሰኩት አንዳንዱ እንጨት ሥር ሰዶ አቆጥቁጧል። ታደሰ ዘንጉን ይዞ ከማሳው ጥግ ሄደና መትከል ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ለልጄ ነው።»

«ልጅ የለህም እኮ። ሚስትም የለህ።»

«ይመጣል» አለኝ፣ ዙሪያውን በእግሩ እየረገጠ።

ደምሴ ከማዶ ሆኖ ያያል። በሌላ ሳምንት ስመለስ መሬቱ ታርሷል፤ ትልሙ ዘንጉ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አልፏል። ዘንጉ ከአናቱ ላይ ትንሽ አቆጥቁጧል።

እንግዲህ ያ ኮርች የቆመው ላልመጣ ሰው ነው። የደምሴ ልጆች ያድጋሉ፣ አዲስ አዋጅ ይወጣል፣ ሌላ ሊቀ መንበር ይሾማል፣ አንዱ ተነሥቶ ሊነቅለው ይችላል። ይንቀለው። መጀመሪያ ግን መጥቶ እኔን ያናግረኝ። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ እግሬም ደህና ነው።